የሰውነት ሙቀት ከየት ይመጣል? ደመ ሞቃት እንስሳት እንዴት ደመ ሞቃት ሆኑ?

ታኅሣሥ ላይ የጅማ ጠዋት እጅን ቆፈን ያስይዛል። ገና ጎህ ሲቀድ ግን ዶሮዋ ከማደሪያዋ ወርዳ ግቢውን መጫር ትጀምራለች። የድንጋይ አጥሩ ስንጥቅ ውስጥ ያደረችው እንሽላሊት አትንቀሳቀስም። ፀሐይ ወጥታ ድንጋዩን እስክታሞቅላት ትጠብቃለች። ሦስት ሰዓት አልፎ ያቺኑ እንሽላሊት ለመያዝ ብትሞክሩ ደግሞ አትደርሱባትም።

ሁለቱም ያደሩት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ብርድ ነው። ዶሮዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ራሷ ስታመርት ነው ያደረችው። እንሽላሊቷ ከውጭ ነው የምትጠብቀው።

ብዙ ሰው ይህን ልዩነት እንደ ማዕረግ ያየዋል። ከላይ ሰው፣ ከብትና ወፍ፤ ከታች እባብ፣ እንቁራሪትና ዓሣ። የሰውነት ሙቀት እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ላየ ግን ማዕረጉ ይፈርሳል። ደመ ሞቃትነት በጣም ውድ የኑሮ ዘዴ ነው። ብዙ ያስገኛል፣ ብዙም ያስከፍላል። እንስሳትም እዚያ የደረሱት በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም።

ደመ ሞቃትና ደመ ቀዝቃዛ ሲባል ምን ማለት ነው?

ትምህርት ቤት አጥቢዎችና ወፎች ደመ ሞቃት፣ የተቀሩት ደመ ቀዝቃዛ ናቸው ተብለን ተምረናል። ለመጀመሪያ ይበቃል። ግን ያሳስታል። ቀትር ላይ ፀሐይ የምትሞቅ እንሽላሊት ደሟ የሰውን ያህል ሊሞቅ፣ አንዳንዴም ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ለይተን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ከራስ አካል ነው ወይስ ከፀሐይ፣ ከድንጋይ፣ ከውሃ? ሁለተኛ፣ ሙቀቱ ይዋዥቃል ወይስ ቀንና ሌሊት አንድ ቦታ ላይ ይቆያል? የሁለቱ መልስ ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም። ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚኖር ዓሣ ውሃው ስለማይለዋወጥ የሰውነቱ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይነቃነቅም። ሙቀቱን ግን ራሱ አላመረተውም። ግመል ደግሞ ሙቀቱን ራሱ እያመረተ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ሊያዋዥቀው ይችላል። ወደ ግመል እንመለሳለን።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ደመ ሞቃት ስል ሙቀቱን በራሱ አካል የሚያመርትና ከሞላ ጎደል ሳይለዋወጥ የሚያቆይ እንስሳ ማለቴ ነው። ሰው 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ላም 38.5 ገደማ፣ ፍየል 39 ገደማ። ዶሮ ከ41 በላይ ናት፤ ክንፏ ስር እጃችሁን ብታስገቡ የሚሰማችሁ ያ ሙቀት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የምትኖረው እንቁላል ጣይዋ አጥቢ ፕላቲፐስ ደግሞ 32 ዲግሪ ላይ በደህና ትኖራለች። ሰው 32 ከደረሰ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ሙቀቱ ከምን ይሠራል?

ከምግብ ነው። የበላነው እንጀራ ተፈጭቶ፣ ደም ውስጥ ገብቶ፣ በመጨረሻ ሴሎቻችን ውስጥ ይቃጠላል። ማቃጠያው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሴል ክፍል ነው። ኦክስጅን የምንተነፍሰው በዋናነት ለእሱ ነው። ከምግቡ ከሚወጣው ኃይል ውስጥ ለሥራ የሚውለው ከግማሽ ያንሳል። ቀሪው ሙቀት ይሆናል።

እንሽላሊትም ምግብ ታቃጥላለች። ሴሎቿም ሙቀት ያወጣሉ። ግን ጥቂት ነው፣ ወዲያውም ያመልጣታል። አጥቢዎችና ወፎች የሚለዩት በመጠኑ ነው። ጉበታቸው፣ ልባቸው፣ ኩላሊታቸውና አንጎላቸው ከሰውነታቸው አንጻር ትልልቅ ናቸው። በማይቶኮንድሪያም የታጨቁ ናቸው። እኛ ዝም ብለን ተኝተን እንኳ ከምናመነጨው ሙቀት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከነዚህ ጥቂት የአካል ክፍሎች ነው። ክብደታቸው ሲደመር ግን ከጠቅላላ ክብደታችን አንድ አሥረኛ አይሞላም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ እሱ ነው። ሴል ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እየገፋ ነው የሚኖረው። የሴሉ ሽፋን ግን ያፈሳል። የወጣው ሶዲየም ተመልሶ ይገባል፣ ሴሉም እንደገና ኃይል አውጥቶ ይገፋዋል። የደመ ሞቃት እንስሳት ሽፋን ከእንሽላሊትና ከእንቁራሪት ይበልጥ ያፈሳል። በመጀመሪያ ሲታይ ንጹሕ ብክነት ነው። ያ ማቆሚያ የሌለው መግፋት ግን ሙቀት ያወጣል፤ ሰውነትን ከሚያሞቁት ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

ይህ አልበቃ ሲል መንቀጥቀጥ ይመጣል። ጡንቻዎች ሳይራመዱ፣ ሳይሸከሙ ዝም ብለው ይኮማተራሉ። ሥራ አይሠሩም፣ ሙቀት ግን ይወጣል።

ሦስተኛው ዘዴ ቡናማ ስብ ነው። ተራው ነጭ ስብ የኃይል ማከማቻ ሲሆን ቡናማው ማሞቂያ ነው። ቀለሙ የመጣው በውስጡ ከታጨቀው ማይቶኮንድሪያ ነው። እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ምግቡ ተቃጥሎ ለሥራ የሚሆን ኃይል ከመስጠት ይልቅ በቀጥታ ሙቀት እንዲሆን ያደርጋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በትከሻዎቹ መካከል፣ አንገቱ አካባቢና ኩላሊቶቹ ዙሪያ ይህ ስብ አለው። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው መንቀጥቀጥ አይችልም፤ ቡናማ ስቡ ነው የሚያኖረው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ይህን ስብ በበቂ ሳይሰበስብ ነው የሚመጣው። እናቱ ደረት ላይ ራቁቱን አስጠግቶ ማቆየት፣ ማለትም የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው፣ ለዚህ ነው የሚመከረው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ተጀምሮ ዓለምን አዳረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን ከተወለደ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይታጠብ ይቆይ የሚለውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። እርጥብ ገላ ሙቀት ያሸሻል።

አሳማ ይህን ዘዴ አጥታዋለች። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአሳማ ዝርያ ውስጥ ተበላሽቷል። የአሳማ ግልገሎች ብርድ ቶሎ የሚገድላቸው፣ እናታቸውም ከመውለዷ በፊት ሣርና ቅጠል ሰብስባ ጎጆ የምትሠራው ለዚህ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ስንት ያስወጣል?

ሁለት ቤት አስቡ። አንደኛዋ እመቤት ከሰሏን ከጠዋት እስከ ማታ አታጠፋም። እንግዳ ሲመጣ ጀበናው ወዲያው ይጣዳል። ሌላዋ እንግዳ ካልመጣ አታቀጣጥልም። ከሰሉ ተቆጥቦላታል። እንግዳው ግን ይጠብቃል፤ ክረምት ከሆነና ከሰሉ ከራሰ ደግሞ ቡናው ሳይፈላ ይሄዳል።

ዶሮዋ የመጀመሪያዋ ቤት ናት፣ እንሽላሊቷ ሁለተኛዋ። ልዩነቱም የዋዛ አይደለም። አንድ ደመ ሞቃት እንስሳ ክብደቱ እኩል ከሆነ እንሽላሊት ጋር ሲነጻጸር ቁጭ ብሎ እንኳ ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚሆን ኃይል ይፈጃል። አዞ አንድ ጊዜ በደንብ ከበላ ወራት መቆየት ይችላል። ዶሮ ግን ያን ያህል መራብ አትችልም። አንድ ሔክታር ጫካ ሊያኖር የሚችለው የእንሽላሊትና የእንቁራሪት ብዛት ከወፍና ከአጥቢ ብዛት ጋር የማይወዳደረውም ለዚህ ነው። በዚያው ምግብ ብዙ ደመ ቀዝቃዛ ይኖራል።

ዋጋው ትንንሾቹ ላይ ይበረታል። አካል ባነሰ ቁጥር ከመጠኑ አንጻር ቆዳው ይበዛል፤ ሙቀት የሚያመልጠውም በቆዳ ነው። በክብደት ከአጥቢዎች ሁሉ ትንሿ 2 ግራም ብቻ የምትመዝን፣ አይጥ የምትመስል ነፍሳት በል ናት። ልቧ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። በቀን ከራሷ ክብደት በላይ ትበላለች። ጥቂት ሰዓት ምግብ ካጣች ትሞታለች። ዝሆን ዘንድ ችግሩ ተገልብጦ ይገኛል። ሙቀቱ አልወጣ ይላል። ስለዚህ ደም ሥር የበዛባቸውን ሰፋፊ ጆሮዎቹን እያራገበ ያስወጣዋል።

ይህን ያህል ከተወደደ ለምን ቀጠለ?

መልሱ አንድ ቢሆን ኖሮ ይህ ክፍል አጭር በሆነ። ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ክርክሩ ራሱ ግን ብዙ ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. በ1979 አልበርት ቤኔትና ጆን ሩበን ጉልበትን አስቀደሙ። እንሽላሊት ለአጭር ጊዜ እንደ ቀስት ትወረወራለች፤ ወዲያው ግን ትደክማለች። ውሻ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ይሮጣል። ሳይደክሙ መሮጥ ትልልቅ ሳንባ፣ ጠንካራ ልብና ብዙ ማይቶኮንድሪያ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ መሣሪያ በእረፍት ሰዓትም ሥራ አያቆምም። በእነሱ አባባል መጀመሪያ የተፈለገው ጽናት ነው፣ ሙቀቱ ተከትሎ መጣ።

ሌሎች ሌሊቱን ያነሳሉ። የጥንት አጥቢዎች ዳይኖሰሮች ቀኑን በያዙበት ዘመን በጨለማ የሚወጡ ትንንሽ እንስሳት ነበሩ። ፀሐይ በሌለበት ሰዓት ለመንቀሳቀስ የራስ ሙቀት ያስፈልጋል።

ኮሊን ፋርመር እ.ኤ.አ. በ2000 ነገሩን ወደ ልጅ ማሳደግ አዞረችው። ሙቀቱ የማይለዋወጥ ሆድ ወይም ጎጆ ውስጥ ያለ ጽንስ በፍጥነትና ሳይጓደል ያድጋል። ልጅን ለመመገብ ደግሞ ሳይደክሙ ምግብ መፈለግ ግድ ነው። ለዚህ ሐሳብ ያልተጠበቀ ድጋፍ የመጣው ከብራዚል ነው። ቴጉ የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት በመራቢያው ወቅት ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የራሱን ሙቀት ከጉድጓዱ እስከ 10 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ተገኘ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ወደ እንሽላሊትነቱ ይመለሳል። እኔ ከሁሉም ይልቅ ይህ ማስረጃ ልቤን ያሸንፈዋል። ደመ ሞቃትነት መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጉዳይ፣ ለአንድ ወቅት ብቻ የሚበራ ነገር ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

አራተኛው ሐሳብ ፈንገስ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የፈንገስ ዓይነት አለ፤ አብዛኛው ግን 37 ዲግሪ ላይ በደንብ ማደግ አይችልም። አርቱሮ ካሳደቫልና ባልደረቦቹ ከ30 ዲግሪ በኋላ በእያንዳንዷ ዲግሪ የሚተርፈው የፈንገስ ዓይነት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። እንቁራሪቶችን በብዙ አገር የፈጀው የቆዳ ፈንገስ ሰውንም ላምንም አይነካም። እግራችን ጣቶች መሃል ፈንገስ የሚወጣው፣ ሳንባችን ውስጥ ግን እምብዛም የማይታየውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። እግር ከሆድ ዕቃ ይቀዘቅዛል።

ሙቀት ከድንጋይ አይነበብም። መቼ እንደተጀመረ እንዴት ይታወቃል?

ቅሪተ አካል ቴርሞሜትር አይነክስም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዘወር ባለ መንገድ ይሄዳሉ። ከነዚህ መንገዶች አንዱ ጆሮ ውስጥ ያልፋል።

የውስጥ ጆሯችን ውስጥ ሦስት ቀለበት መሳይ ቱቦዎች አሉ። ፈሳሽ ሞልቷቸዋል። ጭንቅላታችንን ስናዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀራል፣ በዚያም አንጎል መዞራችንን ያውቃል። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በዚህ ነው። አሁን ሰውነት ሲሞቅ ምን ይሆናል? ዘይት ሲሞቅ እንደሚቀጥነው ሁሉ የጆሮው ፈሳሽም ይቀጥናል። ቱቦው እንዳለ ከቀጠለ መልእክቱ ይዛባል። ስለዚህ ሰውነታቸው የሞቀ እንስሳት ቱቦዎቻቸው እየጠበቡና እያነሱ መሄድ ነበረባቸው። ፈሳሹ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቱቦው ያለፈበት አጥንት ግን ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል።

በሪካርዶ አራውጆና በሮማን ዳቪድ የተመራ ቡድን ይህን ተከትሎ የጥንት አጥቢ ዘመዶችን የጆሮ አጥንት ለካ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ከ233 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቱቦዎቹ መጠን ድንገት ይቀንሳል። ለውጡ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአጭር ጊዜ የመጣ ይመስላል፤ አጭር ማለት በምድር ታሪክ ሚዛን ነው። በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የመረመሩ ሌሎች ግን ጅማሬውን ከዚያ በፊት ያደርጉታል። ክርክሩ አልተዘጋም።

ወፎች ሌላ ታሪክ አላቸው። የወፍና የአጥቢ የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ320 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ደመ ቀዝቃዛ እንደነበረ ይታሰባል። ስለዚህ ዶሮና ላም ሙቀታቸውን ከአንድ ምንጭ አልወረሱም። ለየብቻቸው ነው የደረሱበት። የዶሮዋ መንገድ በዳይኖሰሮች በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ቻይና ውስጥ የተገኘው ሳይኖሶሮፕቴሪክስ የተባለ ትንሽ ዳይኖሰር ሰውነቱ በላባ መሳይ ክር ተሸፍኖ ነበር። መብረር አይችልም ነበር። መብረር ለማይችል ፍጥረት ላባ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ሙቀት መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ታንዛኒያ ተንዳጉሩ ከተገኙት መካከል የግዙፍ ዳይኖሰሮች ጥርስ ተመርምሮ የሰውነታቸው ሙቀት ከ36 እስከ 38 ዲግሪ አካባቢ እንደነበር ታየ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያን ያህል የገዘፈ አካል ሙቀትን በራሱ ክብደት ብቻ ሊይዝ ይችላል።

አዞም አንድ ምስክር ናት። ልቧ እንደኛ አራት ክፍል አለው። ቀኑን ሙሉ ዳር ላይ ለምትተኛ እንስሳ ይህ ከሚያስፈልጋት በላይ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የአዞ ጥንታዊ አያቶች ደመ ሞቃት ነበሩ፣ ኋላ ውሃ ውስጥ አድፍጦ መኖር ሲመጣ ውዱን ነገር ተዉት ይላሉ። እውነት ከሆነ ማዕረግ የሚባለው ሐሳብ ከዚህ በላይ ምን ያፈርሰዋል?

ሁለቱንም ያልሆኑ እንስሳት አሉ?

ሞልተዋል። የገደል ሽኮኮ አጥቢ ናት። ጠዋት ላይ ግን እንደ እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሌሊት ከጓደኞቿ ጋር ተጣብቃ ታድራለች። የሰውነቷ ሙቀት ይዋዥቃል፤ በዚያም ምግብ ትቆጥባለች። ጅማ ዙሪያ ጫካ ውስጥ ያለው ጉሬዛም ሙሉ ደመ ሞቃት ሆኖ ሳለ በቀዝቃዛ ጠዋት ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ቅጠል ብዙ ኃይል አይሰጥም። ከፀሐይ በነጻ የሚገኘው ሙቀት ለእሱ ትርፍ ነው።

ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ኬንያ ውስጥ የምትኖረው ጸጉር አልባ ፍልፈል ከዚህም ትብሳለች። አጥቢ ሆና የሰውነቷ ሙቀት የጉድጓዷን ሙቀት ይከተላል። ግመል የጠማው እንደሆነ የሰውነቱ ሙቀት ሌሊት ወደ 34 ይወርዳል፣ ቀን ከ40 ያልፋል። ላብ አውጥቶ ውሃ ከማባከን ሙቀቱን ቀን አጠራቅሞ ሌሊት መልቀቅ ይሻለዋል። ባሕር ውስጥ ደግሞ ኦፓ የሚባል ዓሣ ክንፎቹን እየመታ ልቡን ጭምር ያሞቃል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ለእኔ የሁሉም አለቃ ግን ንብ ናት። ጌራና በለጠ ደን ውስጥ ንብ አናቢዎች ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። እዚያ ቀፎ ውስጥ ዕጮቹና ሌሎቹ ታዳጊዎች ያሉበት ቦታ ሌሊትም ቀንም 34 ወይም 35 ዲግሪ ላይ ነው። አንዲት ንብ ብቻዋን ይህን አትችልም። መንጋው ግን ይችላል። ሲበርድ ሠራተኞቹ የበረራ ጡንቻቸውን ክንፋቸው ሳይመታ ያንቀጠቅጣሉ። ደረታቸውን በታሸገው ክፍል ላይ ይለጥፉና ውስጥ ያለችውን ታዳጊ ያሞቃሉ። ሲሞቅ ውሃ ቀድተው ያመጣሉ፣ በማሩ እንጀራ ላይ ይረጩታል፣ በክንፋቸው ያራግቡታል። ከዚያ ሙቀት ዝቅ ባለ ቦታ ያደጉ ንቦች ኋላ የመማርና የማስታወስ ችሎታቸው ደከም ብሎ ተገኝቷል። የዚህ ሁሉ ማገዶ ማር ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ቀፎውን ሙልጭ አድርጎ መቁረጥ ንቦቹን ከምግብም ከሙቀትም ያራቁታል።

ሙቀት ሲበዛስ?

አንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። የደሙን ሙቀት ትለካለች፣ ከቆዳም ወሬ ይደርሳታል። ከተወሰነው ከወረደ የቆዳ ደም ሥሮችን ታጠባለች፣ ትንቀጠቀጡ ዘንድ ታዛለች። ከወጣ ደም ሥሮቹን ትከፍታለች፣ ላብ ታስወጣለች።

ሰው ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ እጢ አለው። የሚያበርደው ላብ መውጣቱ ሳይሆን መትነኑ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ እርጥበት ከጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ያኔ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ውሻና ዶሮ በቆዳቸው አያልባቸውም ማለት ይቻላል፤ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ቀትር ላይ ዶሮዎቻችሁ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አራርቀው ካያችኋቸው ሞቋቸዋል። ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ስጧቸው።

ከጅማ ወጣ ብሎ ቦዬ ረግረግ ላይ ያለው ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚውለውም ለዚሁ ነው። ቆዳው ውሃ ቶሎ ያጣል፣ ፀሐይም አይችልም። ደም ያልበዋል የሚባለው ደግሞ ደም አይደለም። ቆዳው የሚያወጣው ቀላ ያለ ፈሳሽ ነው፤ ፀሐይን ይከላከላል፣ የባክቴሪያ እድገትንም ይገታል።

ለምን 37? ለምን 25 አልሆነም? ሰውነት ሁልጊዜ ሙቀት እያመረተ ስለሆነ ሁልጊዜ ማስወጣት አለበት። ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከሞቀ ወደ ቀዘቀዘ ነው። ሰውነት ከአካባቢው አየር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሙቀቱ ያለ ውሃ ወጪ ይወጣል። 25 ላይ ብንሆን ኖሮ አየሩ 27 በሆነ ቁጥር ላብ ያጠምቀን ነበር። ወደ ላይ ደግሞ ብዙ ቦታ የለም። 42 ዲግሪ አካባቢ የሰው ፕሮቲኖች መበላሸት ይጀምራሉ። ከደህናው ሙቀታችን እስከዚያ አደጋ 5 ዲግሪ ብቻ ነው ያለው።

ትኩሳትስ? ሰውነት ተሳስቶ ነው?

ወባ የያዘው ሰው ሰውነቱ እንደ እሳት እየተቃጠለ ብርድ ልብስ ደርቡልኝ ይላል። የሚቃረን ይመስላል፤ ግን አይቃረንም። ሰውነት በሽታ ሲገባበት የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ሃይፖታላመስን ልኩን ከ37 ወደ 39 ወይም 40 እንድታወጣ ያደርጓታል። አሁን ልኩ 40 ነው፣ ሰውነቱ ግን ገና 38። ስለዚህ እንደ በረደው ሰው ይንቀጠቀጣል። ልኩ ሲመለስ ደግሞ ላብ በላብ ይሆናል። ፓራሲታሞል የሚያደርገው ልኩን ማውረድ ነው፤ የወባውን ጥገኛ አይነካውም። እንደ ጅማ ዙሪያ ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት ሲመጣ ማስታገሻ ወስዶ ከመተኛት ደም መመርመር የሚቀድመው ለዚህ ነው። የሕፃን ከሆነማ ለነገ አይባልም።

ትኩሳት ራሱ ግን ከደመ ሞቃትነት በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 የበረሃ እንሽላሊቶችን በባክቴሪያ አሳመሙና በተለያየ ሙቀት አቆዩአቸው። ሞቃት ቦታ የቆዩት ይበልጥ ተረፉ፣ ቀዝቃዛው ቦታ የነበሩት ይበልጥ ሞቱ። የታመመች እንሽላሊት ምርጫ ከተሰጣት ከወትሮው ይልቅ ሞቃቱን ቦታ ትመርጣለች። ራሷን ማሞቅ ስለማትችል ትኩሳቷን በእግሯ ሄዳ ታመጣለች።

አንበጣም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ከላቦራቶሪ ውጭም ጉዳይ አለው። ምሥራቅ አፍሪካን የበረሃ አንበጣ በወረረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሶማሊያ ውስጥ ከኬሚካል ይልቅ አንበጣን ብቻ የሚያጠቃ ፈንገስ ተረጭቶ ነበር። ፈንገሱ የገባበት አንበጣ ፀሐይ ፍለጋ ይወጣል፣ ሰውነቱን ፈንገሱ ከሚወደው በላይ ያሞቃል። ፈንገሱን ከነአካቴው አያጠፋውም፤ እድገቱን ግን ያዘገየዋል። አንበጣው ከመሞቱ በፊት ተጨማሪ ቀናት ያገኛል፣ በነዚያ ቀናትም መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የሚረጩት ሰዎች የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ቅዝቃዜ አብረው ማስላት አለባቸው።